መስኮቱን ያሸግኩት እኔው ነበርኩ

ጎንደር ነው የማስተምረው፣ ጠመኔ ከያዝኩ 17 አመት አለፈኝ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ የምናገረው ነገር ብዙ ትምህርት ቤት ያለ ነው፣ ደግሞም ከጥፋቱ ግማሹን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። በክፍል አየር ምክንያት አንድ አመት ሙሉ ስንገላታ ከርሜ ነው የወጣሁት። አስተማሪ ከሆናችሁ፣ ወይ ደግሞ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ "ራሴን አመመኝ" እያለ ምሳውን ሳይበላ የሚተኛባችሁ ከሆነ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው አምና ህዳር ላይ ነው። የጎንደርን የህዳር ጠዋት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ፀሀይ ወጥታም ጥላው ውስጥ እጅ ይቆረጥማል። የተመደብኩት አምስተኛ ክፍል ነበር፣ 64 ተማሪ፣ ክፍሉ በእርምጃ ስለካው 8 በ7 ቢሆን ነው፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። በሜዳው በኩል ሶስት ትልልቅ መስኮት አለው፣ በጀርባው በኩል ደግሞ ከላይ ከፍ ብለው ሶስት ትንንሽ መስኮቶች አሉ፣ እነሱ ግን ድሮ ሌባ ገብቶባቸው ስለነበር ቆርቆሮ ተመትቶባቸው በሚስማር ተጠርቅመዋል። የሜዳው በኩል መስታወት ግማሹ በኳስ ረግፏል። እኔ ምን አደረግኩ? ካርቶንና የማዳበሪያ ጆንያ ከሰፈር አሰባስቤ ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሽንቁሩን ሁሉ ደፈንኩት፣ በሩ ስር ሳይቀር ጨርቅ ወተፍን። ዩኒት መሪያችን መጥቶ አየና "እንዲህ ነው እንጅ!" ብሎ አመሰገነኝ። እኔም ኮራሁ።

ክፍሉ ሞቀ፣ እውነቴን ነው፣ ሁለተኛው ፔሬድ ላይ ሹራብ ያስወልቃል። ልጆቹ ግን ይፈዛሉ። ሶስተኛ ፔሬድ ሂሳብ ሳስተምር ከኋላ ያሉት ጭንቅላታቸው ዴስክ ላይ ነው፣ አንዱ ሲያዛጋ ይዛመትና እኔም ሰሌዳው ጋ ቆሜ አዛጋለሁ። ማታ ስልክ ሲነካኩ እያመሹ ነው ብዬ እቆጣለሁ። አንዷን ልጅ በየቀኑ ስለምትተኛብኝ ወላጅ አምጪ ብያት እናቷ ጉሊቷን ለጎረቤት ጥላ መጣች፣ "ኧረ ቲቸር እቤትማ በጊዜ ነው የምትተኛው፣ ሌሊቱን ሙሉ አትነቃም" ስትለኝ አላመንኳትም። ያቺን እናት መንገድ ላይ ሳገኛት እስካሁን አፍራለሁ።

ሽታም ነበረው። 64 ልጅ፣ እርጥብ ካልሲ፣ ፀጉር የተቀባ ቅቤ፣ ሁሉም ተደምሮ። ለሱም መፍትሄ አገኘሁ ብዬ ጥሩ ጥሩ የሚሸት ስፕሬይ ገዝቼ መንፋት ጀመርኩ፣ አርብ አርብ ደግሞ ከሰል አያይዤ እጣን አጨስኩ። በታሸገ ክፍል ላይ ጭስ መጨመር ማለት ነው እንግዲህ፣ አሁን ሳስበው ራሴን ልመታው ነው የሚያምረኝ።

መጥረጉ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ በፈረቃ ነው የምንማረው፣ የከሰአቶቹ ያቆሸሹትን የጠዋቶቹ ይጠርጋሉ፣ ተረኛ ጠራጊዎቼ ከ1፡30 ጀምረው በደረቅ መጥረጊያ ይጠርጉና ልክ ደወል ሲደወል 64ቱም ወደዛ አቧራ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ፀሀይዋ በበሩ በአግድም ስትገባ አቧራው እንደ በሶ ዱቄት አየር ላይ ቆሞ ይታያል። እኔ ደግሞ ሰሌዳውን በደረቅ ዳስተር ጠርጌ ዳስተሩን በሩ ጋ ግድግዳው ላይ ቷ ቷ አደርገዋለሁ።

ሳሉ የያዘኝ ታህሳስ መግቢያ ላይ ነው። ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብሉን፣ ጤና አዳሙን፣ ነጭ ሽንኩርት በማሩን፣ ያልሞከርኩት የለም። ፋርማሲ ሄጄ ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ወሰድኩ፣ ጨረስኩ፣ ደገምኩ (ይሄንን አታድርጉት፣ እኔ ላይ ገንዘብና ጊዜ ነው የበላው)። አንድ ክሊኒክ "ብሮንካይት ነው" ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። ማታ ስተኛ ደረቴ ያፏጫል፣ ባለቤቴ "ድመት ውጠሻል እንዴ" እያለ ይስቅብኛል። ሳቁ ያለቀው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ተረኞቹ ጠርገው ሳይጨርሱ ገብቼ ስም መጥራት ጀመርኩ፣ ወደ አስረኛው ስም ስደርስ ትንፋሽ አልወጣ አለኝ። መግባቱ አይደለም፣ መውጣቱ ነው እንቢ ያለው። ጠረጴዛውን ይዤ ቀረሁ። የክፍል አለቃው ሮጦ ጎረቤት ክፍል ያለችውን ጓደኛዬን ጠራት፣ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችኝ፣ መንገዱን ሙሉ "አንች አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያለች።

ህመሙ አስም ነበር። በ41 አመቴ። ሀኪሟ ልጅ እግር ናት፣ መድሃኒቱን በጭምብል ሰጥተውኝ ትንፋሼ ሲመለስ አጠገቤ ቁጭ ብላ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ፣ "ስራዎ ምንድን ነው? ቅዳሜና እሁድስ እንዴት ያደርግዎታል?" ዝም አልኩ፣ አሰብኩ። ቅዳሜ ይሻለኛል፣ እሁድ ጭራሽ ሰው ነኝ፣ ሰኞ ከሰአት ይጀምረኛል። ይሄን ያህል ግልጽ ነገር ሳላየው ሳምንታት አለፉ። "እስኪ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ደብተር ላይ ይጻፉት፣ የት ዋሉ፣ መቼ ሳሉ" አለችኝ። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ከያዛችሁ ከዚህ ጀምሩ፣ ወጪ የለውም፣ ሀኪሙም ከወሬያችሁ ይልቅ ደብተሩን ነው የሚያምነው።

ሁለት የሚነፋ መድሃኒት ተሰጠኝ፣ ሳልቡታሞሉ ሲያፍነኝ ብቻ፣ ቤክሎሜታዞኑ ደግሞ ደህና ብሆንም ባልሆንም በየቀኑ ጠዋትና ማታ። አፌ ላይ ስነፋው ግማሹ ምላሴ ላይ ይቀር ነበር፣ ነርሷ ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን በመድሃኒቱ አፍ ልክ ቀዳ በዛ ውስጥ ነፍቶ መሳብ አሳየችኝ፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። እና በሁለት ሳምንቴ ተሻለኝ ብዬ የየቀኑን አቆምኩት። ሞኝነት! በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። የየቀኑ መድሃኒት ሀኪም ሳይላችሁ አይቆምም።

ዋናው ነገር የመጣው በጥምቀት ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ለበአሉ መጣ፣ ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባህር ሲመለስ ቡና ላይ ቁጭ ብለን ጉዴን ስነግረው ከቦርሳው የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር አወጣ። ከኮሮና ወዲህ አውሮፕላን ላይም ቢሮም ይዟት ይዞራል አሉ፣ ከትንፋሻችን የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትለካለች። "ነገ ክፍልሽ እንውሰዳት" አለ። ነገማ ሚካኤል ነው፣ ትምህርት የለም፣ በ13 ወሰድናት።

መጀመሪያ ግቢው መሀል ሜዳ ላይ ከፈትናት፣ 330 አለች። የአክስቴ ልጅ ግራ ገባው፣ በአለም ላይ ያለው የውጭ አየር 420 አካባቢ ነው፣ ከዛ በታች ሊሆን አይችልም አለኝ። (ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ስንቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ማለት ነው።) ትንሽ ሲያስብ ቆየና ሳቀ። መሳሪያዋ ባህር ጠረፍ ላይ ያለች መስሏታል፣ እኛ ደግሞ ከባህር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፣ አየራችን ስስ ስለሆነ አሳንሳ ነው የምታነበው። ሴቲንጓ ውስጥ ከፍታ የሚል አለ፣ 2,100 ብሎ ሞላው፣ ቁጥሯ ወደ 420 ተጠጋ። ይሄን በዝርዝር የጻፍኩት ከእናንተ አንዱ ከውጭ ዘመድ ቢያስመጣ ሳያስተካክል ለክቶ "ክፍላችንማ ደህና ነው" እንዳይል ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ታሳንሳለች።

ከዛ ክፍል ገባን። ባዶውን 470፣ የመጀመሪያው ፔሬድ ሲያልቅ 2,100፣ ሶስተኛው ፔሬድ ላይ፣ ያው እንቅልፋሟ ፔሬድ ላይ፣ 3,400። 1,000 ካለፈ አየሩ በሚገባ እየተቀየረ አይደለም ማለት ነው፣ ይሄን 1,000 የሚባል ልክ ፔተንኮፈር የሚባል ጀርመናዊ ሀኪም ያወጣው በእነሱ አቆጣጠር በ1858 ነው፣ በእኛ አፄ ቴዎድሮስ በነገሱ በሶስተኛው አመት መሆኑ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ራሱ በዚህ መጠን መርዝ አይደለም፣ ያደክማል፣ ራስ ያከብዳል እንጂ። ትልቁ ነገር ምን ያህል የሰው ትንፋሽ መልሰን እየሳብን እንደሆነ መናገሩ ነው። የአክስቴ ልጅ በስልኩ አስልቶ "ከ13 ትንፋሽሽ አንዱ ቀድሞ የሌላ ሰው ሳንባ ውስጥ የነበረ ነው" አለኝ። ያን ሰምቼ 64ቱን ልጆች ቀና ብዬ አየኋቸው። ሶስቱ ይስላሉ።

እዚህ ጋ ሌላ ጥፋት ሰራሁ። በማግስቱ የመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስቼ "እየገደላችሁን ነው" ብዬ ጮህኩ። ርዕሰ መምህሩ ተቆጣ፣ "ህንጻውን እኔ አልሰራሁት" አለ፣ እውነቱን ነው፣ በጀት የለም ተባለ፣ አለቀ። የተሳካልኝ ዘመዴ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፣ ርዕሰ መምህሩን ለምኜ ሶስተኛ ፔሬድ ላይ ኋላ ወንበር ልጆቹ መሀል አስቀመጥኩት፣ መሳሪያዋን ፊቱ አድርጌ። ምንም አላልኩትም፣ ክፍልፋይ ነው ያስተማርኩት። ሀያ ደቂቃ አልሞላም ሲያዛጋ አየሁት። ሲወጣ ቁጥሩን አይቶ "ሚስማሩን ማን ነው የሚነቅለው?" አለ። ለሀላፊ ከመናገር ማስቀመጥ ይሻላል፣ መሳሪያ ባይኖራችሁም አስቀምጡት።

ከሰአት አናጢ መጥቶ የጀርባዎቹን መስኮቶች ነቀላቸው፣ ሌባውን ለመከላከል ፌሮ ብረት አስበየድንባቸው። እኔ በደስታ ስድስቱንም መስኮት በጠዋቱ ብርግድ አደረግኳቸው። ሳምንት ሳይሞላ አምስት ወላጅ መጣብኝ፣ "ልጄን ብርድ አስመታሽብኝ"። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት በጣት ያህል ከፍታችሁ ሰው ሁሉ ዞሮ አይቷችሁ አያውቅም? ንፋስ ይመታናል ብለን ተጠርቅመን የሰው ሳል እየሳብን የምንሄድ እኮ ነን። ጉንፋን ግን ከሰው ትንፋሽ እንጂ ከመስኮት አይመጣም። ይሄን ለወላጅ ማስረዳት ብችልም፣ መስኮቱ ስር የሚቀመጠው ልጅ ግን የምር ይበርደው ነበር፣ እና ወላጆቹም እኔም ትክክል ነበርን።

እየሞከርን ያገኘነው ይሄ ነው። ሰፊ ከፍቶ መልሶ ከመጠርቀም፣ በሁለቱም ጎን በትንሹ ከፍቶ ቀኑን ሙሉ መተው። የሰው ትንፋሽ ሞቃት ስለሆነ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ የጀርባዎቹ ከፍ ያሉት ሶስቱ ሙሉ በሙሉ ክፍት፣ የሜዳው በኩል ሶስቱ ደግሞ አንድ መዳፍ ያህል፣ እንዳይደበደቡ ድንጋይ ወይ ሽቦ። በእረፍት ሰአት ልጅ በሙሉ ውጭ፣ ሁሉም መስኮትና በር ብርግድ። አስር ደቂቃ ይበቃል፣ ከ3,000 ወደ 700 ሲወርድ በአይናችን አይተናል። መስኮት ስር የሚቀመጡትን በየሳምንቱ አቀያይራቸዋለሁ፣ ሹራብ ላይ ነጠላም ጋቢም መደረብ ፈቀድኩ (የዩኒፎርም ጉዳይ የሚያሳስበው ሰው ነበር፣ አለፍኩት)። በዚህ አይነት ሶስተኛ ፔሬድ 1,200 አካባቢ ቆመ። ዘመዴ መሳሪያዋን ትቶልኝ ከሄደ በኋላ ደውዬ ስነግረው "አሁን ከ50 ትንፋሽ አንዱ" አለኝ።

የማዳበሪያ ጆንያውን ራሴ ነኝ የቀደድኩት።

የካቲት ላይ ግን ሳሌ ተመለሰ፣ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ እያለ! እዚህ ጋ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። መሳሪያዋ የምትለካው ትንፋሽን እንጂ ጭስንና አቧራን አይደለም፣ ይሄን ልብ በሉ። የከፈትናቸው የጀርባ መስኮቶች የሚያዩት ጥበቃችን ጋሼ ቆሻሻ የሚያቃጥሉበትን ጉድጓድ ነው፣ በየቀኑ 3 ሰአት ላይ የባህር ዛፍ ቅጠል፣ ወረቀት፣ ፌስታል፣ የብስኩት ላስቲክ፣ ሁሉንም። ድሮ ቆርቆሮው ይከልለን ነበር። "ጋሼ ሌላ ቦታ ያቃጥሉልን" ብላቸው "አንች ልጅ፣ 20 አመት ሳቃጥል ማን ሞተ?" አሉኝ። ነጠላዬን ዝቅ አድርጌ የምነፋውን መድሃኒት አሳየኋቸው፣ ያ ማክሰኞ በሩን ለባጃጁ የከፈቱት እሳቸው ነበሩ። ዝም አሉ። በሳምንቱ ጉድጓዱ ከአጥሩ ጥግ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተቆፍሯል፣ ቅጠሉ አይቃጠልም፣ አትክልቱ ስር ይከመራል፣ ላስቲኩ በጆንያ ተጠራቅሞ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጣል፣ የተረፈው ወረቀት 11 ሰአት ተኩል ልጅ ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው እሳት የሚያየው።

ጠረጋውንም ቀየርነው። ጠዋት መጥረግ ቀረ፣ የከሰአቶቹ ሲወጡ ይጠርጋሉ፣ አቧራው ሌሊቱን መሬት ይይዛል። ሁለቱ ፈረቃ ሲቀያየር መጥረግ ግድ ሲሆን መጀመሪያ ውሃ በእጅ ይረጫል፣ ጭቃ እስኪሆን አይደለም፣ መሬቱ እስኪጠቁር ብቻ፣ ሁለት ጆግ ይበቃል። ውሃ በማይመጣበት ሳምንት (እንደሚታወቀው) ከቤት በጀሪካን የሚያመጣ ተረኛ አለ። አስም ያለበት ልጅ አይጠርግም፣ በምትኩ ጀሪካኑን ይሞላል። ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ። ስፕሬይና እጣን ክፍል ውስጥ አይገባም።

ሌላው፣ ያን ጊዜ ከሚስሉት ሶስት ልጆች ሁለቱ መስኮት ከተከፈተ በኋላ ሲሻላቸው አንደኛው አልተወውም። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ጤና ጣቢያ ነው፣ ሌላ ወሬ የለም። ሄደ፣ ቲቢ ተገኘበት፣ በመንግስት ጤና ተቋም ህክምናው በነጻ ነው፣ ስድስት ወር፣ ዛሬ ሜዳው ላይ ኳስ ሲያሳድድ ነው የሚውለው። እኛም አብረን ተመረመርን። የቲቢ ጀርም በተዘጋ ክፍል አየር ላይ ለሰአታት ይንሳፈፋል፣ ያቺ "ከ13 ትንፋሽ አንዱ" የምትል ቁጥር ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሳችኝ። የልጁን ስም ክፍል ውስጥ ማንም አላነሳውም፣ እናንተም ከገጠማችሁ እንዲህ አድርጉት፣ ልጅ ከህመሙ ይልቅ በሹክሹክታ ነው የሚጎዳው።

መሳሪያ ለሌላችሁ፣ አፍንጫችሁ ይበቃል፣ ግን ፈጣን መሆን አለባችሁ። ክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃ ከተቀመጣችሁ አፍንጫ ይለምደዋል፣ ምንም አይሸታችሁም። ፔሬድ መሀል ላይ ውጡ፣ ንጹህ አየር ሳቡ፣ ተመልሳችሁ በሩን ስትከፍቱ የሚቀበላችሁ የመጀመሪያው ነገር መልሱ ነው። መሳሪያ ካገኛችሁ ደግሞ መስኮት ስርም ልጅ አፍ ስርም አታስቀምጧት፣ ክፍሉ መሀል በተቀመጠ ልጅ ጭንቅላት ልክ። አየር ማጣሪያ ማሽን እንግዛ የሚል ወላጅ ነበረን፣ ሀሳቡ ደግ ነው፣ ማሽኑ ግን አቧራ ይይዛል እንጂ አዲስ አየር አያመጣም፣ መብራቱም እንደምታውቁት ነው።

እኔ አሁን የየቀኑን መድሃኒት እየወሰድኩ ነው፣ ሳልቡታሞሉን ከነካሁት ሁለት ወር አለፈኝ። ያቺ እንቅልፋም ያልኳት ልጅ ሶስተኛ ፔሬድ ላይ እጇን ታወጣለች፣ ሁሌ ትክክል አትመልስም ግን ታወጣለች።

ጋሼ ከጥበቃ በፊት ገበሬ ነበሩ፣ አውድማ ላይ እህል ሲያዘሩ የኖሩ ናቸው፣ ንፋስ ያውቃሉ። ባለፈው ሀሙስ ማጠናከሪያ እያስተማርኩ አመሸሁ፣ በጀርባው መስኮት አሻግሬ ሳይ እፍኝ ገለባ ወደ ላይ በትነው የሚሄድበትን ያያሉ። ገለባው ወደ እኛ መጣ። ክብሪቱን ኪሳቸው መለሱና "ዛሬ ወደናንተ ነው ቲቸር፣ ነገ ነው የማቃጥለው" ብለው ወደ በሩ ሄዱ።